ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷ በበጀት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው ስንት ዘመን ተተረተበት! የሰውየው ጥፋት ላሙን ሰማይ ላይ ማሰሩ አልነበረም። ጥፋቱ «አላይ» ማለቱ ነው። ምን አስለፈለፈው? ወተቷን በሊትር ለክቶ፣ ከመጪው ዓመት ገቢ ላይ ደምሮ፣ እሱንም አስይዞ ብድር ቢወስድ ኖሮ መተረቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ሚኒስትር በሆነ ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ምስጋና ነው። ምስጋናው በየዓመቱ በጀት ሲቀርብ «ኢኮኖሚያችን በሚቀጥለው ዓመት ይህን ያህል በመቶ ያድጋል» እያሉ ለሚያበስሩ መንግሥታት ሁሉ ይድረስ። የትኞቹ እንደሆኑ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ጸጋው ለብዙዎች ተሰጥቷል።

ሙያውን ለማድነቅ አሠራሩን ማወቅ ያሻል። ተራ ሰው ከገቢው በላይ ሲያወጣ አባካኝ ይባላል። መንግሥት ግን ግብር የሚሰበስበው ከኢኮኖሚው ነውና፣ የዕድገት ትንበያው አንድ መቶኛ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር ወረቀት ላይ የሚሰበሰበው ግብርም አብሮ ከፍ ይላል። ጉድለቱም ሆነ ዕዳው የሚለካው ከጥቅል የአገር ውስጥ ምርት አንጻር ስለሆነ፣ አካፋዩ ሲያብጥ ሁለቱም ሸንቀጥ ብለው ይታያሉ። አንዲት ሳንቲም ሳትቀነስ፣ አንድም መሥሪያ ቤት ሳያኮርፍ በጀቱ ተስተካከለ! ቦርጩን መቀነስ ያቃተው ሰው በመለኪያው ሜትር ላይ ያሉትን ቁጥሮች ቢያራርቅ ምን ነውር አለው?

ይህን ጥበብ ሕግ እንኳን አይገታውም፤ እንዲያውም ያፋፋዋል። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮቹን «የበጀት ጉድለታችሁ ከጥቅል የአገር ውስጥ ምርታችሁ 3 በመቶ እንዳይበልጥ» ብሎ ገደብ አበጀ። የሃርቫርዱ ምሁር ጄፍሪ ፍራንክል የ33 አገሮችን ትንበያ አገላብጦ በ2011 ባወጣው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥታት በአማካይ ወደ ላይ እንደሚያጋድሉ፣ የሚተነበየው ዓመት በራቀ ቁጥር ተስፋቸው ይበልጥ እንደሚለመልም አሳየ። በዚያ ገደብ የታሰሩት የአውሮፓ መንግሥታትም ከሌሎቹ ብሰው ተገኙ። ደንቡ ተከበረ ማለት ነው፤ በትንበያው። ቺሊ ብቻ ናት ነገር ያበላሸችው። የመዳብን ዋጋና የኢኮኖሚውን የረጅም ጊዜ አካሄድ ከመንግሥት ነጻ የሆኑ ባለሙያዎች እንዲገምቱ አድርጋ ሚኒስትሯን ከማለም ከለከለች። ጭካኔ ነው።

ለእኔ የሙያው ቁንጮ ግን የጥር 1998ቱ የኢንዶኔዥያ በጀት ነው። የእስያ የገንዘብ ቀውስ አካባቢውን እየናጠው ሳለ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ያቀረቡት በጀት ኢኮኖሚው 4 በመቶ እንደሚያድግ፣ አንድ ዶላርም በ4,000 ሩፒያ እንደሚመነዘር ተደርጎ የተሰላ ነበር። ገበያው ላይ ዶላር ከ4,000 ጋር ከተሰነባበተ ሰንብቷል። በጀቱ በቀረበ በሁለተኛው ቀን ደግሞ 10,000ን ተሻገረ። የጃካርታ ነዋሪ ንግግሩን በሚገባ ያዳመጠ መሆን አለበት፤ ወደ መደብሮች ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሩዝና ዘይት ከየመደርደሪያው ማፈስ ያዘ። ኢኮኖሚው በዚያ ዓመት 13 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። ተቺዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ። እስቲ ቁጥሩን በቅን ልቦና እንየው፦ 4 ተብሎ 13 መጣ፤ ከሦስት እጥፍ በላይ! የተሳሳቱት ምልክቷን ብቻ ነው።

ተራ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን «መውደቅ» ይለዋል። የበጀት ሰነድ ግን ጨዋ ነው፤ «አሉታዊ ዕድገት» ይላል። እኔም ባለፈው ክረምት ታምሜ ስምንት ኪሎ በአሉታዊ መልኩ ወፍሬያለሁ።

የትንበያ ግራፍ ቀርባችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያለፈው ዓመት ድረስ ያለው መስመር ደፍኖ የተሰመረ ነው፤ እየተንፏቀቀ፣ አንዳንዴም እየተንሸራተተ ይመጣል። ከዚያ መስመሩ ወደ ነጠብጣብ ይለወጥና እንደ ክርን ታጥፎ ሽቅብ ይወጣል። በዓመቱ የሚታተመውን ሰነድ ብትገልጡ ያችው ክርን አለች፤ አንድ ዓመት ወደ ቀኝ ተገፍታለች እንጂ መታጠፏን አልተወችም። የደፈነው መስመር እስከ ዛሬ ነጠብጣቦቹን አልያዛቸውም። ትንበያው በመድረክ ላይ በጭብጨባ ይነገራል፤ ክለሳው ደግሞ በደቃቅ ፊደል ከገጹ ግርጌ ይቀመጣል፣ ዓይን እንዳያስቸግር። ያደገው በአመራሩ ብቃት፣ የቀረው በዓለም ነዳጅ ዋጋና በዝናቡ ጥፋት መሆኑም ተመዝግቦ ይያዛል።

በመንግሥታት ብቻ እንዳይፈረድ ስለ አበዳሪዎችም ላንሣ። በ2010 ለግሪክ የብድር ፕሮግራም ሲቀረጽ የ2012 ምርቷ ከ2009ኙ በ5.5 በመቶ ብቻ እንደሚያንስ ተገምቶ ነበር፤ የቀነሰው 17 በመቶ ሆነ። ይህን ያመነው ራሱ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ነው፣ በ2013 ባወጣው ግምገማ። ማመን ግን የጀማሪ ስሕተት ነው።

ባለሙያ ቀጠሮውን አርቆ ይይዛል። ኒኪታ ክሩስቾቭ የሚመሩት ፓርቲ በ1961 ባጸደቀው ፕሮግራም ሶቪየት ኅብረት በ1970 በነፍስ ወከፍ ምርት አሜሪካን እንደምትቀድም፣ በ1980 ደግሞ የኮሚኒዝም መሠረት ተጠናቆ እንደሚጠብቅ ተነገረ። ክሩስቾቭ በ1964 ከሥልጣን ወረዱ፣ በ1971 ዐረፉ። ቀጠሮው ሲደርስ የሚጠየቅ አልነበረም። 1980 ግን ቃሉን አክብሮ መጣ። ሞስኮ በኮሚኒዝሙ ፋንታ ኦሊምፒክ አስተናገደች። ማርሽ ሲቀየርም በእርግጥ ታየ፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፤ ቀያሪው ግን ምሩጽ ይፍጠር ነበር።