ኬኩን ተዉትና ሳፋውን ያዙ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

አንዱ ለየኔ ቢጤ አምስት ብር ከሰጠ «አይ አንተ፣ ማዘር ትሬዛ!» እያልን እንቀልዳለን። ስማቸውን አረከስነው። እሳቸው እኮ በ1928 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በ18 ዓመታቸው ከትውልድ ከተማቸው ከስኮፕዬ ወጥተው እናታቸውን ዳግመኛ አላዩም። ሕንድ አገር፣ ካልካታ ውስጥ መነኩሴና መምህርት ነበሩ። በ1948 የገዳሙን አጥር ትተው ወደ ድሆች ሰፈር ወረዱ። በ1952 ደግሞ ካሊ ከምትባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ አጠገብ መንገድ ላይ ለወደቁ ሰዎች ቤት ከፈቱ። ሥራው ማጠብ ነው፤ ማጉረስ ነው፤ የሚሞተውን እጁን ይዞ መቀመጥ ነው። የቤቱ ሕክምና ደካማ ነው ተብለው ተተችተዋል፤ ትችቱም መሠረት አለው። እኛ ግን ለመተቸት የሚያበቃ ምን ሠራን?

በ1979 ኖቤል ሲሸለሙ የክብር ግብዣው ቀርቶ ገንዘቡ ለድሆች እንዲውል ጠየቁ። እኛ ደግሞ የልደታችንን ድግስ ይዘን ድሆች ቤት እንሄዳለን።

የማኅበራቸው መነኮሳት፣ ሲስተሮቹ፣ አዲስ አበባ የገቡት በ1973 ነው። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ልብሳቸውን የማያውቅ የለም። እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ነበር። ቲሸርት አሳትመን፣ ቶርታና ፊኛ ይዘን። አንዲት ወጣት ሲስተር ፈገግ ብላ ሳፋና ፎጣ አቀበለችኝ። ጥግ ላይ አንድ አባት እግራቸውን ዘርግተዋል። ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ውሃው ገና ይጨሳል። «ስብሰባ አለብኝ» አልኩ። ምንም ስብሰባ አልነበረኝም። ሲስተሯ ሳፋውን ተቀበለችኝ፤ ተንበርክካ አጠበቻቸው። ከፎቶው ግን አልቀረሁም። መሀል ላይ ቆሜያለሁ።

ለመሆኑ የእናንተ አባት አልጋ ላይ ተኝተው እያለ የማያውቁት ሰው ፊኛ ይዞ ገብቶ ቲክቶክ ቢሠራባቸው ዝም ትላላችሁ? በበዓል ሰሞንማ ሁላችንም እንጎርፋለን። ሐምሌ ላይ፣ የታጠበ አንሶላ አልደርቅ ሲል ማን አለ?

ሐምሌ ላይ ሂዱ። ቶርታው ይቅር፤ ሳሙና ግዙ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። እኔም እመጣለሁ። እኚያ አባት ካሉ የእግራቸው ዕዳ አለብኝ።