ከክኒኑ በፊት ዘይቱን እንጠይቅ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ጠቅላላ ምርመራ ያደረገ ሰው አሁን አሁን ሁለት ወሬ ይዞ ይወጣል። ኮሌስትሮል ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሏል። አንዱ ደንግጦ ክኒን ይሰበስባል። ሌላው "ምንም አላመመኝም" ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም አያዋጡም ባይ ነኝ።

ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ200 እስከ 239 ያለው ድንበር ላይ ነው። ሐኪም ይበልጥ የሚያየው ግን ኤልዲኤል የሚባለውን ነው፤ ደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ የሚያጠበው እሱ ነውና። ኤልዲኤሉ 190 የደረሰ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ከታዘዘለት ይውሰድ። ድንበር ላይ ያለው ሰው ግን መጀመሪያ ማጀቱን ይይ።

"እኔ እኮ ጿሚ ነኝ፣ ይሄ ከየት መጣብኝ?" የሚል ብዙ ነው። እውነቱን ነው፣ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ሥጋም ቅቤም የለም። ግን ሽሮው በምን ተሠራ? የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የመሰብሰብ አቅሙ ይደክማል። ጾሙን በፓልም ከርመን ፋሲካን በቅቤና በቁርጥ ስንቀበለው ሰውነታችን መቼ ይረፍ? የኑግ ዘይት የአገራችን ነው፣ አይረጋም፣ ለደም ሥርም የተሻለ ነው። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንግዲያውስ መጠኑን እንቀንስ። ዘይት ካልተንሳፈፈበት ወጥ አይጣፍጥም የሚለው ልማድ እየጎዳን ነው።

ገብስም አለ። በውስጡ ያለው የሚሟሟ አሰር አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ኮሌስትሮልን ይዞ ይወጣል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጣውን ገብስ የድሃ ምግብ አድርገን ቁርሳችንን በነጭ ዳቦ መተካታችን ያሳዝነኛል። በሶ፣ ቆሎ፣ ቅቤ ያልዋኘበት ገንፎ፣ ከጎኑም ተልባ፤ ይኸው ነው።

"ጎጃም ላይ ሆኖ ፀሐይ እንዴት ያንሳል?" የሚለውም ጥያቄ መልስ አለው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር በመስታወት አያልፍም። የከተማው ሰው ከቢሮ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ቤት ነው። ነጠላና ሻሽ ይሸፍናል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በተለይ የሚያሳስበኝ እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን፣ ጨለማ ክፍል የሚቆየው ሕፃን ነው። አጥንቱ የሚጠነክረው በዚህ ቫይታሚን ነው።

ቫይታሚን ዲ ለልብ ብሎ መዋጥ ግን አያስፈልግም። ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እጥረት ካለ ለአጥንት ሲባል በታዘዘው ልክ ይወሰድ። ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ኩላሊት ይጎዳል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። አንገት ላይ ያለው የእንቅርት እጢ (ታይሮይድ) ሥራው ሲቀዘቅዝ ኮሌስትሮል ይጨምራል። እንቅርት በብዛት በሚታይበት አካባቢያችን፣ ድካምና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ሐኪሙን ይህንንም ይጠይቅ። ዘይቱን ቀንሶ፣ በእግሩ እየሄደ ሦስት ወር ከቆየ በኋላም እንደገና ይመርመር።