ዞሮ ዞሮ ከበሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ሳይኖረው በእግሩ የሚሄድ ሰው አይታመንም። ታክሲ ጠፍቶ ከሆነ ይገባናል። ሐኪም አዞት ከሆነም «እግዜር ይማርህ» ብለን እናልፈዋለን። «ዝም ብዬ ልንሸራሸር» ያለ ሰው ግን ወይ ከቤቱ ተጣልቷል፣ ወይ አበዳሪ እየሸሸ ነው።

ይሄው ሕዝብ ታዲያ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይኪንግ ብሎ ጫካ ለጫካ በእግሩ ሊዞር ይወጣል። ገንዘብ ከፍሎ!

ጉለሌ እጽዋት ማዕከልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከእንጦጦ ጋራ ጥግ ያለ፣ 700 ሄክታር ገደማ የሚሆን ጫካ ነው። የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት። በምኒልክ ዘመን ከገባው ባሕር ዛፍ መሀል ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ቦታውን እንዲያስመልስ ይደከምበታል። ውስጥ ለውስጥ የእግር መንገድ አለ። ድኩላ አለ። ጅብም አለ ይላሉ። (ለጅብ ብሎ እንኳ እዚያ ድረስ የሚደክም የለም፤ ሌሊት ከኛ ሰፈር ቆሻሻ ገንዳ አይጠፋም።)

ሃይከሩን በትጥቁ ትለዩታላችሁ። ጫማው ኪሊማንጃሮን ወጥቶ ለመውረድ የተሠራ ነው። ሰውየው ግን ከመኪና ማቆሚያው እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ድረስ ነው የሚያደርሰው። ጀርባው ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ላይ ስፒከር። ስፒከሩ ካልጮኸ ጫካ የገባ አይመስለውም።

የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ፈረንጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣለታል። እሱን ለማየት የሚያስፈልገው ነገር ዝም ማለት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ዝም የምንለው ሒሳብ ሲመጣ ነው።

በቀደም ጋሼንና እትዬን ይዘን ሄድን። አጎቴና ባለቤታቸው ናቸው፤ ከገጠር ለሕክምና መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። «ንጹሕ አየር ያግኙ» ተባለ። ዕድሜ ልካቸውን ንጹሕ አየር ውስጥ የኖሩ ሰዎች!

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ጠየቁ። «የት ነው የምንደርሰው?»

«የትም አንደርስም ጋሼ። ዞረን ዞረን እዚሁ በሩ ጋ ነው የምንመለሰው።»

ትንሽ አሰቡ። «እዚሁ ከሆነማ እኔ ቀድሜ ደርሻለሁ» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አጣፉ። አለቀ። ብንለምን ብንለምን ንቅንቅ የለም።

እትዬ ግን መጡ። ትንሽ እንደሄድን ሰሌዳ ያለበት ዛፍ ጋ ቆሙ።

«ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«ሀጌኒያ አቢሲኒካ ይላል እትዬ።»

«ኮሶ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን አስቸገራችሁ?»

ከዚያ ወዲያ አስጎብኚዋ እሳቸው ሆኑ። ለኮሶ ትል የሚጠጣው የሴቴው አበባ መሆኑን፣ እናታቸው አፍንጫቸውን ይዘው እንዴት እንዳጋቷቸው፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጓሮ መዋላቸውን ምንም ሳይደብቁ ተረኩ። ወይራው ጋ ሲደርሱ የጠላ ጋን እንዴት እንደሚታጠን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። እንዶዱን ሲያዩ ደግሞ እንደ አሮጌ ጎረቤት ሳቁለት፤ የሠርጋቸው ቀሚስ የታጠበው በእሱ ነው።

ሳናስበው ከኋላችን ሰልፍ ተሰልፏል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ደቅነው ይቀርጻሉ። አንዷ ልጅ በየዛፉ ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። «እማማ፣ ይሄስ ለፊት ይሆናል?» ኮሶው ጋ ለፊት ይሆናል? ወይራው ጋ ለፊት ይሆናል? እትዬ በመጨረሻ መረራቸው። «ልጄ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። እንጦጦ መንገድ ላይ፣ ሃይከሩ በስልኩ እርምጃውን እየቆጠረ ሽቅብ ሲወጣ፣ እናቶች ከራሳቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አዝለው፣ በነጠላ ጫማ፣ ጎብጠው ይወርዳሉ። የእነሱን እርምጃ የሚቆጥር የለም። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ካሜራውን ደግኖ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፤ ፎቷችን ውስጥ ገቡ።» ከነሸክማቸው ዞር አሉለት። ይቅርታም ጠየቁት።

ወደ ጉለሌያችን። ዞርን፣ ላብ በላብ ሆንን፣ ግማሹ ቡድን ተንሸራቶ ወደቀ፣ ፔርሙሱ ተሰበረ፣ ቡናው ቀረ። ስፒከሩ ግን እስከ መጨረሻው አልደከመም። ድኩላ የሚባል ፍጡር ጭራውንም አላየንም።

በሩ ላይ ስንደርስ ጋሼ እንደተቀመጡ ናቸው።

«እናንተ አላገኛችሁትም?» አሉን።

«ማንን?»

«ያንን ጥቁሩን ድኩላ። እዚህ መጥቶ ሣር ሲበላ ነበር። ደህና አድርገን ተያየን። ዘፈናችሁን ሲሰማ ነው የሄደው።»

ሁላችንም ጮኽንባቸው። «ጋሼ! ስልክ ይዘው የለ? ምናለ ፎቶ ቢያነሱት?»

«እሱ መቼ እኔን አነሳኝ?» አሉና ጋቢያቸውን እያራገፉ ተነሡ።