«ባዶ ነው እኮ!»

ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። የእኔስ መፈንዳት ቀላል ነበር፤ የፈራሁት ቦቴው እንዳይፈነዳ ነው።

የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነኝ። ጅቡቲ ወርጄ እጭናለሁ፣ በጋላፊ እገባለሁ፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽን፣ መተሐራን እያልኩ እወጣለሁ። ቤቴ አዳማ ነው። በዚህ መንገድ የሚያናድድ ነገር ሞልቷል። ሙቀቱ አለ፣ ወረፋው አለ፣ ጉድጓዱ አለ፣ መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ የሚያመነዥክ ግመል አለ። ሁሉንም ለምጄዋለሁ። ያልለመድኳት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት።

«ባዶ ነው እኮ!»

ይህችን የማይላት ሰው የለም። ጎማዬን ተደግፎ ሲጋራ የሚለኩሰው ጎረምሳ ይላታል። የማቆሚያው ጥበቃ፣ ማታ ብርድ ሲመታው፣ ቦቴው ሥር ካርቶን እያነደደ ይላታል። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ባትሪው ሞቶበት ኬብል ይዞ መጣ። ከማውረጃው ቫልቭ አጠገብ ብልጭ ድርግም ሊያደርግልኝ! እምቢ ስለው «አንተ ሰውዬ ክፉ ነህ፤ ባዶ ነው እኮ» ብሎኝ ሄደ። አሁን በሰፈሩ ክፉው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ኧረ ወገን፣ ልንገራችሁ። ባዶ አይደለም! ነዳጁን አወረድኩ እንጂ ታንኩን ባዶ አላደረግኩትም።

ቤንዚን ሲነድ የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ትነቱ ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ከላይ የምትቀረው ክፍተት ትንሽ ናት። እሷም በትነት ታፍናለች። እሳት የሚፈልገውን አየር አያገኝም። አውርጄ ክዳኑን ስከፍት ግን አየር ሰተት ብሎ ይገባል። ታንኩ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 ያህሉ የቤንዚን ትነት፣ የቀረው አየር ሲሆን፣ በቃ፣ ብልጭታ የሚጠብቅ ቦምብ ማለት ነው። ከዚያ ሲያንስ ይቀጥናል፣ ሲበልጥ ይወፍራል፤ አይነድም። ባዶ የሚሏት ቦቴ ነች ወደዚያ መሀል የምትገባው። ደግሞ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። እኛ የምንነዳው ከዜሮ በላይ 40 በሚገባበት አፋር ነው። እስቲ አስቡት።

«ራቅ ብዬ እኮ ነው የማጨሰው» የሚልም አለ። ትነቱ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋልህም። መሬት ለመሬት ይሄዳል። ቦይ ካገኘ እዚያ ይተኛል። ነፋስ ካለ አብሮት ይነዳል። አዳማ ደግሞ ነፋስ እንኳን ለትነት ለመብራትም ተርፏል፤ ከከተማው ወጣ ብለህ እነዚያን ነጫጭ ተርባይኖች እይ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን አጫሹ አይደለም። ብየዳው ነው።

ባለፈው ሳምንት የታንኩ ሆድ ሥር ላብ የመሰለ ነገር አየሁ። ጸጉር የምታህል ስንጥቅ። ቤንዚኑን አውርጃለሁ። ለባለንብረቱ ደወልኩ።

«አዳማ ነህ አይደል? ብየዳ አስነካትና ነገ ውጣ» አሉኝ።

ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ልጅ እግር ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው አሉኝ። አንገቱን አዘንብሎ ከሥር አየው።

«ቀላል ነው ሹፌሬ። ሃያ ደቂቃ።»

«ቤንዚን ነው የጫነው፤ አልታጠበም» አልኩት።

«አውርደኸው የለ?»

«አውርጄዋለሁ።»

«በቃ ባዶ ነዋ!»

ይህን ብሎ መነጽሩን አወረደ። ወገን፣ መነጽሩን አወረደ! ጥቁር መነጽር፣ ቲሸርት፣ ነጠላ ጫማ። በነጠላ ጫማ የቤንዚን ታንክ ሊበይድልኝ። ሽቦውን ከእጁ ነጠቅኩት። ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱማ «ፋዘር ፈሪ ነው» አለ። አዎ ፈሪ ነኝ። በዚህ ሥራ 16 ዓመት የቆየሁት ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

እንደገና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሳይታጠብ አይበየድም።»

«ውሃ አስረጨው።»

«ውሃ አይበቃውም። በእንፋሎት ይታጠባል። ከዚያ አየር እንዲገባበት ይደረጋል። ከዚያ በጋዝ መለኪያ ይለካል። ንጹሕ ካለ ነው የሚበየደው።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት።»

«ሁለት ቀን ቆማ? ረዳትህ ይግባና በጨርቅ ይጥረጋታ። አንተ ልጅ፣ ባዶ ነው እኮ!»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ረዳትህ ይግባ! ታንክ ውስጥ በጨርቅ አፍንጫን ሸፍኖ አይገባም። ያ ትነት ያሰክራል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። የሚተነፈስ አየርም ላይኖር ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመጀመሪያው ሲወድቅ ሁለተኛው «ወንድሜን!» ብሎ ዘሎ መግባቱ ነው። እሱም እዚያው ላዩ ላይ ይወድቃል። የእኔ ረዳት 22 ዓመቱ ነው። እናቱ ወለንጪቲ ባለፍኩ ቁጥር እንጀራ ጠቅልላ መንገድ ላይ ትጠብቀኛለች። ምን ብዬ ልነግራት ነው?

«ጋሼ፣ ቁልፉን መጥተው ይውሰዱ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ ይታጠብ» አሉ። ሁለቱን ቀን ከአበሌ ሳይቆርጡ አይቀሩም፤ እሱን ወር ሲሞላ እናያለን።

እውነት ለመናገር ግን ይህችን ዐረፍተ ነገር እኔም ብያታለሁ። ረዳት ሳለሁ ነው። ሌሊት ነው፣ አዋሽ ላይ ቆመናል። አለቃዬ «የታንኩ ክፍሎች ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ፣ እይ» አለኝ። ላይ ወጣሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ጨለማ ነው። ባትሪ ፍለጋ መውረድ ሰነፍኩ። ኪሴ ገብቼ ላይተር አወጣሁ። እግዜር ይስጠውና ሰውዬው ከሥር ያየኝ ነበር። እንዴት በዚያ ዕድሜው መሰላሉን እንደወጣ አላውቅም። እጄን መትቶ ላይተሩን አሸዋ ላይ ጣለው። ከዚያ ጥፊውን አቀመሰኝ።

«ባዶ ነው እኮ ጋሼ» አልኩት እያለቀስኩ።

ሁለተኛውን ጥፊ ያመጣብኝ ይህ መልሴ ነው።

ነዳጅ የምንጭንበት ዴፖ ውስጥም ቢሆን የሚያውቁ ሰዎች መሀል ነን ብላችሁ አትዝናኑ። ናፍጣ ጠባዩ ሌላ ነው። ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ናፍጣ ለመጫን የተሰለፈ ሾፌር ልቡ ሙሉ ነው። ትናንት በዚያው ክፍል ቤንዚን እንዳወረደ ረስቶታል። ነዳጅ ደግሞ በቱቦ ሲፈስ በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ናፍጣ ያንን ኤሌክትሪክ ቶሎ አይለቅም። እንግዲህ ከላይ የትናንት ቤንዚን ትነት፣ ከሥር የዛሬ ናፍጣ ብልጭታ። ክብሪቱ አንተው ያስገባኸው ናፍጣ ሆነ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው የኧርዝ ገመድ ቀድሞ የሚታሰረው ለዚህ ነው። የመጫኛው ቱቦ አፉ በነዳጅ እስኪሸፈን ቀስ ተብሎ የሚለቀቀውም ለዚህ ነው። ይህን ሳደርግ ግን ከኋላዬ የተሰለፈው ይጮሃል። «አፍጥነው እንጂ! ሠርግ ነው እንዴ?» ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አያቱ አልነገሩትም መሰለኝ።

ስሞላ ደግሞ ማንም አይፈራኝም። ይህም ይገርመኛል።

45 ሺህ ሊትር ቤንዚን ይዤ ስገባ ፈሳሹ ብቻ 33 ቶን አካባቢ ይመዝናል። ታንኩ ደግሞ አፉ ድረስ አይሞላም፤ ነዳጅ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተት ይተውለታል። ስለዚህ ፍሬን ስይዝ እኔ ቆምኩ ማለት ነዳጁ ቆመ ማለት አይደለም። እሱ ገና እየመጣ ነው። መጥቶ ጀርባዬን ይገፋኛል። ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይጎትተኛል። ይህን የአዳማ ባጃጅ ያውቃል? አያውቅም። እኔ ከፊቴ ካለው መኪና ርቀት ስጠብቅ «ቦታ ተገኘ» ብሎ ሽው ይላል። ከዚያ ፍራንኮ ሰፈር የምትወርድ ሴትዮ አይቶ ቀጥ! የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ የምወደው ለዚህ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ ስገባ ትከሻዬ ይወርዳል። 85 ኪሎ ሜትር ያህል ባጃጅ የለም፣ ጋሪ የለም።

ከኋላዬ ብርቱካናማ ሰሌዳ አለ። ላዩ 33፣ ታቹ 1203። 33 ማለት በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ 1203 ደግሞ ቤንዚን ነው። በዓለም ዙሪያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይህን አንብቦ በምን እንደሚያጠፋው ያውቃል። እኛ ሰፈር አንድ የሎተሪ አዟሪ ለረጅም ጊዜ አየውና «ሹፌር፣ በዚህ ቁጥር ቲኬት ልፈልግልህ?» አለኝ። ሳቅኩ። እሱስ ቢያንስ አንብቦታል።

ጀሪካኑን ሳልናገር አላልፍም። ቦቴ መንገድ ላይ ሲገለበጥ ከሰው ቀድሞ የሚደርሰው ጀሪካን ነው። ሾፌሩ ይኑር ይሙት የሚያይ የለም። በነሐሴ 2011 ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ላይ ቦቴ ተገልብጦ ሕዝቡ ሊቀዳ ወጣ። እሳቱ ተነሣ። መቶ ያህል ሰው አለቀ። ይህን ለሰፈር ልጆች ስነግራቸው አንዱ «የእኛ ቤንዚን እንደዚያ አይደለም» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? ጎረቤቴም ያው ነው። ሞተር ሳይክል አለው። በመጣሁ ቁጥር ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ይቆማል። «ከቫልቩ ሥር የምትንጠባጠበዋን ብቻ።» አንድ ቀን በጠርሙሱ ቀድቶ፣ ጠርሙሱን ሳሎን፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ እንዳያስቀምጠው ነው ስጋቴ። ስከለክለው ደግሞ ሰላምታ ያቆማል። ፋሲካ ድረስ አኩርፎኝ ነበር።

ወደ ዛሬ ልምጣ። ቦቴው ታጠበ፣ ተለካ፣ ተበየደ። በያጁ ልጅ ራሱ መለኪያውን ሲያይ ቆይቶ «ሳይታጠብ ቢሆን ስንት ይል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ነጠላ ጫማውን አየ። ዝም አለ። ሥራውን አሳምሮ ሠራልኝ፣ ዋጋም ቀነሰልኝ።

ከዚያ ሌላ ቤንዚን ጭኜ፣ አውርጄ፣ ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ደክሞኛል። ማቆሚያው ግቢ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ታኮውን ጎማ ሥር አደረግኩ። ረዳቴን ወደ ቤቱ ሸኘሁት። ጋቢና ውስጥ ጋደም አልኩ።

የዕጣን ሽታ ቀሰቀሰኝ።

ወርጄ አየሁ። ቡና የሚሸጡት እማማ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ መጥተዋል። ከቦቴዬ የተሻለ ጥላ ግቢው ውስጥ የለም። ቄጠማቸውን ጎዝጉዘዋል። ረከቦታቸውን ዘርግተዋል። ከሰላቸው ቀይ ሆኖ፣ በማራገቢያ እያርገበገቡት፣ ከማውረጃው ቫልቭ ሁለት እርምጃ ላይ። አራት ደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የእኔን ጎማ ተደግፏል።

«እማማ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ እሳቱን!»

«ምነው ልጄ? ቁጭ በል፣ ሁለተኛው ሊወርድ ነው።»

«እማማ፣ ቤንዚን ነው።»

ቀና ብለው ታንኩን አዩት። ከዚያ እኔን።

«አላወረድከውም?»

አራቱም ደንበኞች በአንድ ድምፅ፣ እንደ ጸሎት፣ ያቺን ዐረፍተ ነገር አሏት።

አልተከራከርኩም። ምድጃውን ራሴ በሁለት እጄ ተሸክሜ ግቢው ጫፍ፣ ነፋሱ ወደማይመጣበት ወሰድኩት። ጀበናውንም አስከትዬ ወሰድኩ። በርጩማዎቹን ደንበኞቹ እያጉረመረሙ ይዘው ተከተሉኝ። እማማ ጥላ የለም ብለው ተቆጡ። ጃንጥላ ገዝቼ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ። ስኒውን አልሰጡኝም። ሦስተኛው ወርዶ በረካ እስኪጠጣ ድረስ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።