ለባለልደቱ እንቅልፉን ተዉለት

ሰሞኑን በአንድ የቤተሰብ ፕሮግራም ላይ የቀረቡ የድግስ አዘጋጅ፣ የመጀመሪያ ልደቱ እንደ ነገሩ የታለፈ ልጅ ሲያድግ አለመወደዱ ይገባዋል ብለው ተናገሩ። አቅራቢዋ ምነው ብላ ሳትሞግት ራሷን እየነቀነቀች አሳለፈችው። ባለሙያዋም ቀጠሉ፦ ቢያንስ ሃምሳ እንግዳ፣ ከጀርባ በፊኛ የተሠራ ቅስት፣ ትልልቅ የድምፅ ማጉያ፣ ለሕፃኑ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ቪዲዮ ቀራጭ። ሰዓቱስ ተብለው ሲጠየቁ፣ እንግዶች ከሥራ ወጥተው እንዲደርሱ አመሻሽ ላይ ይሁን አሉ። ከሁሉም እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የአንድ ዓመት ልጅ ልደት ሰዓት ሲወሰን የሁሉም ሰው ምቾት ታሰበ፤ የተረሳው የባለልደቱ ብቻ ነው።

«ይገባዋል» የተባለውን ግን ሳልነካው አላልፍም። በየትኛው ትዝታው ነው የሚገባው? አንባቢ እስቲ ወደ ኋላ ይመለስና የመጀመሪያ ልደቱን ለማስታወስ ይሞክር። አብዛኛው አዋቂ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያው ነገር ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሳለ የሆነ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ ለዚህ የልጅነት መርሳት ስም ካወጣለት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎችም ስለ ምክንያቱ ይከራከራሉ እንጂ ስለ መኖሩ አይከራከሩም። አድጎ «የልደቴ እንግዶች ጥቂት ነበሩ» ብሎ ወላጆቹን የሚከስ ልጅ የለም። የሌለን ልጅ ፈጥሮ ወላጅን በእሱ ማስፈራራት ነውር ነው፤ በተለይ የሚያስፈራራው ሰው ድግሱን የሚሸጠው ራሱ ሲሆን።

ፎቶው ያስታውሰዋል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፎቶ ደግ ነገር ነው፣ ይነሳ። ለእሱ ግን የሚያስፈልገው የመስኮት ብርሃን፣ የእናቱ ወይም የአባቱ ጭን፣ ፊቱን በክሬም የለወሰ ደስተኛ ልጅ ነው። ደስተኛው ልጅ ከሌለ የተቀረው ጌጥ ምን ይሠራል?

ደስተኛ ልጅ ደግሞ የተኛ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ፣ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራል። የአንድ ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ገና ቀን ሁለቴ ይተኛል፤ አንዱን እንቅልፍ የሚተወው ወደ ዓመት ተኩል ሲጠጋ ነው። በሁለት እንቅልፎች መካከል ያለችው ጊዜ ናት የእሱ ቀን። የሚጫወተው፣ የሚበላው፣ አዲስ ነገር የሚያየው፣ ሰው የሚወደው በእሷ ውስጥ ነው። ስታልቅ አለቀች፤ እንደ እኛ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ አያራዝማትም። አመሻሹ ደግሞ ገላው ታጥቦ፣ መብራቱ ደብዝዞ፣ ድምፅ ቀንሶ ወደ ሌሊቱ እንቅልፍ የሚሄድበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ድግስ መጥራት እኛን ከሌሊቱ እኩሌታ ቀስቅሶ ወደ አደባባይ እንደ ማውጣት ነው።

እንዲህ ያለ ድግስ ሁላችንም ጠርተን ወይም ተጠርተን እናውቃለን። ልጁ የከሰዓቱን እንቅልፍ ሊተኛ ሲል ልብስ ይቀየርለታል። የአንገቱ ክር ያሳክከዋል። እንግዳው ሲገባ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ ሕፃን የማያውቀውን ፊት መፍራት እንደሚጀምርና ከእናቱ ሲለይ ማልቀሱ በአንድ ዓመቱ አካባቢ እንደሚበረታ በልጆች እድገት ላይ የተጻፈ ነገር ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ፍርሃቱ ከፍ ባለበት በዚያው ዕድሜ ሃምሳ ፊት እናሰልፍበታለን። ሲያለቅስ ሙዚቃው ከፍ ይላል። በጣም የደከመው ሕፃን ደግሞ ቁጭ ብሎ አያንቀላፋም፤ ይቁነጠነጣል፣ ይጮኻል፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ይለምጣል። ያኔ አንዱ ዘመድ ይነሳና «ዛሬ ምን ነካው? ባሕርዩ እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል። ባሕርዩ አይደለም። እንቅልፉን ቀምተነው ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም። የመጀመሪያ ልጃችን ዓመት ሲሞላት እኛም አመሻሽ ላይ ነበር የጠራነው። ሻማው ሳይበራ አያቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር። ሰው ሁሉ ኬኩን ከቦ ቆሟል፣ ቀራጩ ካሜራውን ደግኗል፤ ስለዚህ ቀሰቀስናት። ያቺን ቅጽበት የሚያሳየው ፎቶ አሁንም አለን። ዓይኖቿ አብጠዋል፣ እጇ የአያቷን ነጠላ ጨምድዶ ይዟል፣ በዙሪያዋ ያለነው ሁላችን እንስቃለን። አድጋ ልትጠይቀኝ የምትችለው ስለዚያ ፎቶ ነው።

ሰዓቱ አንዴ በልጁ እንቅልፍ ከተወሰነ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይስተካከላል። ከእንቅልፉ ተነስቶ በልቶ ሲጨርስ ይጀመራል፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሃምሳ ሰው አይስተናገድም፤ ስለዚህ የሚጠራው ልጁ ሲያየው ፈገግ የሚልለት ሰው ብቻ ይሆናል። ቦታው እሱ የሚያውቀው ወለል፣ የሚድህበት ምንጣፍ ይሆናል። ለሚመጡት ሕፃናት ጨዋታ መሪ መቅጠርም አያስፈልግም። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው ትንንሾቹ በአብዛኛው ጎን ለጎን ሆነው ለየራሳቸው ነው የሚጫወቱት፤ አብሮ መጫወት ቆይቶ የሚመጣ ነገር ነው። የአንድ ዓመት ልጆችን ክብ ሠርተው ተራ እንዲጠብቁ ማዘዝ ከማስለቀስ ውጪ ትርፍ የለውም። ባዶ ካርቶን፣ ክዳን ያለው ድስትና ማንኪያ ስጧቸውና እዩ።

የፊኛውን ቅስት ጉዳይ ደግሞ ማንም እንደ ዋዛ እንዳያየው እለምናለሁ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ከመጫወቻዎች ሁሉ ሕፃናትን በማፈን ብዙ ሞት ያደረሰው ፊኛ መሆኑን ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሕግ በፊኛ ማሸጊያ ላይ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባልተነፋ ወይም በፈነዳ ፊኛ ሊታፈኑ እንደሚችሉ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚወስድ ልጅ አጠገብ፣ እስከ ወለል የሚወርድ የፊኛ ግድግዳ ማቆምን ከፍቅር ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው?

ለአዘጋጇ አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች የሚሰማቸው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ወላጅም ያንን እንቅልፍ አልባ ዓመት ተሻግሮ መደሰት ይገባዋል። ይደሰቱ። ግን የወላጅን ደስታ በልጅ ስም ለምን እንደግሳለን? ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ወይም ሌላ ቀን፣ አዋቂዎቹ በራሳቸው ስም ይሰብሰቡ። ስሙ ሲለይ ሰዓቱም ይለያል፣ ሕፃኑም ይድናል። ሆኖም እንዲህ አናደርግም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ድግስ የሚጠራው ይሉኝታ ነው። እነ እገሌ ለልጃቸው እንዲያ አድርገው የእኛ እንዴት ያንሳል፣ ባልጠራቸው ይቀየሙኛል፣ ሰው ምን ይላል። ከእነዚህ አንዱንም የጠየቀ ሕፃን የለም። ሕፃን ቅስት አይጠይቅም፣ ቅያሪ ልብስ አይጠይቅም፤ ለድግሱ ተበድሮ ወራቱን ሙሉ በሐሳብ የሚከርም ወላጅ ግን ይጎዳዋል፤ የተጨነቀ ፊት ሕፃን በደንብ ያነባል። አለመወደድ ይሰማዋል ከተባለ የሚሰማው ከዚያ ፊት ነው።

የትንሹ ልጃችን የመጀመሪያ ልደት በቅርቡ ነው። ስድስት ሰው ጠርተናል፤ ስድስቱንም በድምፃቸው ያውቃቸዋል። ከጠዋቱ እንቅልፉ ሲነሳ እንደውልላቸዋለን፤ ሁሉም ቅርብ ናቸው፣ ቢዘገይም ይጠብቃሉ። ከማቀፋቸው በፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እሱ ራሱ እስኪመጣ እንዲጠብቁት ነግረናቸዋል። አንድ ሻማ አለ፣ ከእጁ ርቆ ይበራል። ሻማው ሳይበራ ዓይኑን ማሸት ከጀመረ ወደ አልጋው እወስደዋለሁ፤ ኬኩን እነሱ ይቁረጡት።