የዘይት ጀሪካኑ ክፍል ይግባ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር የ7ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ፈተና ሲደርስ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ሰሞን ሳይንስ አስጠናኝ አለችኝ።

«ፍሪክሽን ምንድን ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በእንግሊዝኛ ለቀቀችው። አንድ ቃል አልሳተችም።

«እሺ፣ በአማርኛስ?»

ዝም አለች። ደብተሯን ገልጣ ደግማ አየች። «ጋሼ፣ በአማርኛ አልተማርነውም።»

«ክረምት ላይ ባጃጅ ጭቃው ላይ ለምንድን ነው የሚንሸራተተው?»

«መሬቱ ጎማውን ስለማይዘው ነዋ!»

ፍሪክሽን ማለት ያ መያዝ ነው ስላት «ይሄው ነው እንዴ?» አለችኝ። በቃሏ ስትሸመድደው የከረመችው ነገር ደጃፏ ላይ ነበር። ማንም አላገናኘላትም።

በየሰፈራችን አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት በሩ ላይ የሚሰቀለው ባነር ተመሳሳይ ነው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወዳዳሪ የሆነ ትውልድ እናፈራለን ይላል። ገባ ብለህ ስትጠይቅ ግን ነገሩ እንግሊዝኛ ሆኖ ታገኘዋለህ። የወንድሜ ልጅ ኬጂ እያለ በአማርኛ ተናገርክ ተብሎ በእረፍት ሰዓት ተንበርክኳል። የአምስት ዓመት ልጅ! ያን ቀን የተማረው የእናቱ ቋንቋ እንደሚያስቀጣ ነው።

እንግሊዝኛ ይቅር እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም እንደዚያው። ልጆቻችን በደንብ ሊያውቁት ይገባል። ግን ውጤቱን እንየው። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ በቅርብ የማየው ግን ሽምደዳውን ነው። ልጁ ያልገባውን ነገር ባልገባው ቋንቋ ተሸክሞ 12ኛ ክፍል ይደርሳል።

ደግሞስ ዓለም ሩቅ ነው ያለው ማነው? እዚሁ ጎረቤታችን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ጠዋት በቡድን በቡድን ሆነው ወደዚያ የሚሄዱት ወጣት ሴቶች የሚሰፉት ልብስ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። በሰሜኑ ጦርነት የተነሳ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ስታስወጣ ታኅሣሥ 2014 ነበር። ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት፤ በየኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት አራብሳ ያለችን የልብስ ሰፊ የቤት ኪራይ ይነካል። ይህን የሚያስረዳ የክፍል ውስጥ ትምህርት ግን እስካሁን አላየሁም።

ዘይትም አለ። 2014 ዓ.ም. ዘይት ጠፍቶ የተሰለፍንበትን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ያስታውሱታል። የካቲት ላይ የዩክሬን ጦርነት ተነሳ፤ ከዚያ የሚወጣው የሱፍ ዘይት ከገበያ ራቀ። ሚያዝያ ላይ የዓለም ትልቋ የፓልም ዘይት አምራች ኢንዶኔዥያ የአገሯን ዋጋ ለማረጋጋት ብላ ለሳምንታት ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። እኛ ባለሱቁን ስንቆጣ ከረምን። እሱ ምን ያድርግ!

አንድ ባዶ የዘይት ጀሪካን ክፍል ውስጥ ቢገባ ስንት ትምህርት ይወጣዋል? የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ የት አገር እንደተመረተ ያስነብባል፤ መንገዱን ካርታ ላይ እንዲፈልጉ ያደርጋል። የሒሳብ መምህሯ ዋጋውን ይዛ በመቶኛ ታስቆጥራለች፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደተፈጠረ ታሳያለች። የእንግሊዝኛው መምህር ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ያስተረጉማል። ያኔ እንግሊዝኛውም ሥራ ያገኛል።

መምህራኑ ላይ ጣት እየቀሰርኩ አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በጊዜ አልደረሰም፤ ልጆች በወላጅ ስልክ በፒዲኤፍ ሲያነቡ ነበር። ተማሪ በሞላበት ክፍል ፈተና እየተጠበቀ ውይይት መክፈት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ነጥብ የማይያዝበት፣ ልጆች በፈለጉት ቋንቋ የሚያወሩበት ይሰጣቸው። ይህን ለመፍቀድ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ይበቃሉ።

ኮምፒውተሩም ይምጣ። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ የኮምፒውተር ሥልጠና ጥሩ ነው። ግን ዛሬ ስልኩ ራሱ የቤት ሥራ ይሠራል። የሠራው ልክ ይሁን አይሁን መለየት የሚችለው የገባው ልጅ ብቻ ነው።

ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ጀሪካኑን ሞከርነው። ማሌዥያ ይላል። ካርታ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ጣቷን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ እየጎተተች ጂቡቲ ደረሰች፤ ከዚያ ወደኛ። ትንሽ አሰበች።

«ጋሼ፣ እኛ ሰሊጥ ወደ ውጭ እንሸጣለን አይደል? ታዲያ ዘይቱን ለምንድን ነው ከዚያ ድረስ የምናመጣው?»

የማውቀውን ያህል ነገርኳት፤ አላረካትም። ደብተሯን ከኋላ ገልጣ ጥያቄውን ጻፈችው። ሰኞ መምህሯን ልትጠይቅ ነው።