አስተያየትዎ በግብዓትነት ተይዟል

"ሕዝብ አይጠየቅም" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ማነው ያልተጠየቀው? እኔ ራሴ ስንቴ ተጠይቄያለሁ! አዳራሽ ተጠርቼ ተጠይቄያለሁ። በስልክ ተጠይቄያለሁ። ታብሌት ይዛ ቤቴ ድረስ በመጣች ልጅ፣ በር ላይ እንደቆምኩ፣ "ከ10 ዓመት በኋላ አገርዎ የት ብትደርስ ይመኛሉ?" ተብያለሁ። ጥያቄ ጎድሎብኝ አያውቅም። ሰው ግን "መልሱስ? መልሱስ?" እያለ ይነዘንዛል። መጠየቅ በራሱ ስንት ደስታ እንዳለው ቆም ብሎ ያመሰገነ የለም። ዛሬ እኔ ላመስግን።

በቅርቡ የታደምኩበትን አንድ ምክክር ላንሳ። ጠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አልናገርም። ውለታቸው አለብኝ፤ ደግሞም ድጋሚ መጠራት እፈልጋለሁ።

በር ላይ ፈረምን። ቦርሳ ታደለን። ቦርሳው ውስጥ እስክሪብቶ፣ ባዶ ደብተርና አንድ ወፍራም ሰነድ አለ። የሰነዱ ሽፋን ባለቀለም ነው፤ የምትስቅ ሴት፣ ድልድይና የምትወጣ ፀሐይ አለበት። ቁጭ ብዬ መቅድሙን ገለጥኩ። ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ይህ ዕቅድ በሁሉም የኅብረተሰብ ክፍሎች ሰፊ ተሳትፎና ውይይት የዳበረ ነው።" ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ 2፡40 ይላል። ውይይቱ የሚጀመረው 3 ሰዓት ላይ ነው።

ይህን የመሰለ አክብሮት የት ይገኛል? አፌን ሳልከፍት 20 ደቂቃ ቀድመው ስለ ሰፊ ተሳትፎዬ አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ ምን ያስጨንቀኛል? ብናገር ተሳትፌያለሁ። ዝም ብል ተሳትፌያለሁ። ጥግ ይዤ ባንቀላፋ እንኳ ዕቅዱ በእንቅልፌ ዳብሯል። ዕቅዱ በታተመበት ቀን ቤቴ ተኝቼ ስለነበር እንዲያውም እውነትነት አለው።

ክፉ ሰዎች ይህን ነገር ልብሱን ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ ሜትር ይዞ ከሚመጣ ልብስ ሰፊ ጋር ያመሳስሉታል። ታዲያ ምን አለበት? እንኳን መጣ። ልኩ ከልብሱ ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ የትከሻዬ ነው።

የአርሁስ ስምምነት የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈረመ። አካባቢን የሚነካ ውሳኔ ሲኖር ሕዝብ ገና በጠዋቱ፣ አማራጮች ሁሉ ክፍት ሳሉ ይሳተፍ ይላል። ክፍት ሳሉ! ሁሉም ነገር ክፍት ሲሆን እኮ ብርድ ይገባል። የእኔ ጠሪዎች ለጤናዬ አስበው ዘጋግተው ጠበቁኝ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። የዕለቱ ፕሮግራም ላይ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አለ፣ የመክፈቻ ንግግር አለ፣ የአጋሮች መልእክት አለ፣ የሰነድ ገለጻ አለ። ገለጻው ብቻ 74 ስላይድ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ምን ሥራ አለኝ። ከዚያ "ሰፊ ውይይት" የሚል መጣ። 15 ደቂቃ ተሰጥቶታል። መክፈቻው ስለረዘመ ደግሞ አወያዩ "ጊዜያችን ስለተጣበበ በአጭር በአጭሩ" አሉ። ሰፊው ውይይት በ11 ደቂቃ ውስጥ ተጣጥፎ ገባ። ይህ ሙያ ነው።

ሦስት ሦስት ጥያቄ ይሰብሰብ ተባለ። የመጀመሪያው ሰው ስለ ውሃ ጠየቀ። ሁለተኛዋ ልጅ ተመርቃ ሥራ ስለማጣቷ ተናገረች። ሦስተኛው ስለ መንገድ አነሳ። አወያዩ ማስታወሻቸውን አየት አደረጉና "ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን" አሉ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሃ፣ ሥራና መንገድ አንድ ነገር መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ይማራል።

ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት ተነሡ። ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄ፣ ባለፈው ጊዜ የጠየቃችሁን ነገር የት ደረሰ?"

"እናታችን፣ በጣም ገንቢ አስተያየት ነው። በግብዓትነት ወስደነዋል።"

"አስተያየት አይደለም እኮ ልጄ። ጥያቄ ነው።"

"እሱንም ወስደነዋል።"

ጭብጨባው ቀላል አልነበረም። ለማን እንደተጨበጨበ ግን እስካሁን አልለየልኝም።

ስለ "ግብዓት" ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋል። እንደዚህ ቃል ልቤን የሚያሳርፍ የለም። ሥሩን ልብ በሉት። ገባ ከሚለው የመጣ ነው። ስለ መውጣት ቃሉ ራሱ ምንም ቃል አልገባም። ግብዓት ከገባ ውጤት መውጣት አለበት የሚሉ ሰዎች ፋብሪካ ለምደው ነው። የኔ አስተያየት ግን ጥሬ ዕቃ አይደለም፤ ቅርስ ነው። ቅርስ ደግሞ ይቀመጣል። አቧራ እንዳይነካው ደብቆ የሚያስቀምጥ ከተገኘማ እሰየው ነው።

በአቀማመጥ ፈረንሳዮችን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አገር ሲታመስ፣ ፕሬዚዳንት ማክሮን "ታላቁ ብሔራዊ ክርክር" ብለው አወጁ። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ አስተያየት በኢንተርኔት ገባ። ወደ 10 ሺህ የሚሆን ስብሰባ ተካሄደ። በየማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ደብተር ተቀመጠና ሰው ብሶቱን በእጁ ጽሑፍ አሰፈረ። አስቡት፣ ሽማግሌ መነጽሩን አድርጎ፣ ምላሱን ጥርሱ ላይ ነክሶ፣ ስለ ጡረታው ሲጽፍ። ደብተሮቹ ከዚያ ወደ ቤተ መዛግብት ገቡ። ዓመታት ካለፉ በኋላ "አሳትማችሁ አሳዩን" የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ጉድ ነው! ራሱ የጻፈውን መልሶ ማንበብ ያማረው ሕዝብ ምን ይባላል?

አይስላንዶች ደግሞ ባንኮቻቸው ሲወድቁ ሕገ መንግሥት እንጻፍ ብለው ተነሡ። 25 ተራ ዜጎች ረቂቁን ጻፉ፤ ሌላው በፌስቡክ አስተያየት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝበ ውሳኔ ከመረጠው ሁለት ሦስተኛው ያህል "ለአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት ይሁን" አለ። ፓርላማው በ2013 ሳያጸድቀው የሥራ ዘመኑን ጨረሰ። ጨዋዎች ናቸው። አልቀደዱትም።

ትልቁ ጥያቄ የቀረበው ግን ለመላው ዓለም ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2015 በኋላ ዓለም ምን ላይ ታተኩር ብሎ "ማይ ወርልድ" የተባለ መጠይቅ በተነ። 16 ጉዳዮች ተዘረዘሩ፤ ስድስቱን ምረጡ ተባለ። ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። ጥሩ ትምህርት አንደኛ ወጣ። የአየር ንብረት ለውጥ መጨረሻ ሆነ። ከዚያ በ2015 መንግሥታቱ ተሰብስበው 17 ግቦችና 169 ዝርዝር ዒላማዎች አጸደቁ። ስድስት ምረጡ ብሎ 17 መስጠት! ከ16 ምርጫ 17 ማውጣትን የመሰለ ሒሳብ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አልነበረም።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለአንድ አፍታ ላቁመው። ሕዝቡ መጨረሻ ያስቀመጠው ነገር ከዕቅድ ይውጣ ማለቴ አይደለም። ሕዝብም ይሳሳታል፤ እኔን አያችሁኝ አይደል? ግን ጠያቂው ተመልሶ "ይህን ብላችሁን ነበር፣ በዚህ በዚህ ምክንያት አልተስማማንም" ቢል ምን ይመስላችኋል? ጸያፍ ነገር ይሆናል። ተከራክሮ እንደማሳመን ያለ ነውር የለም። ዝም ማለት ያስከብራል። ስለዚህ ወደ ምስጋናዬ።

ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት ግን ስማችንን አጥፍታለች። እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል ሰቀለችው። ታች ሕዝብን ማጭበርበር አለ፤ ላይ ሕዝብ ራሱ መወሰኑ። ማማከርን የት ብታስቀምጠው ጥሩ ነው? አራተኛው ላይ! እሱንም "ለይምሰል" ከሚባሉት ሦስት እርከኖች መደበችው። እኛ ግን ከአራተኛው በላይ መውጣት የማንወደው ስለምንፈራ አይደለም። ከፍታ ያዞራል። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎቿን ሰብስባ የበጀቱን ገንዘብ ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ ታደርግ ጀመር። ሕዝቡ "ቧንቧ" ሲል ቧንቧ! አይ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች ባይሰሙት ይሻላል።

የእኛ ከሰዓት ግን ሥርዓት ነበረው። ግድግዳው ላይ ስድስት ትልልቅ ወረቀቶች ተለጠፉ። አምስቱ የዕቅዱ አምስት ምሰሶዎች ናቸው፤ ርዕሳቸው በኮምፒውተር የታተመ። ስድስተኛው ላይ በማርከር "ሌላ" ተብሎ ተጽፏል፣ ጠመም ብሎ። ለእያንዳንዳችን ሦስት ቀያይ ክብ ስቲከር ታደለን። ቅድሚያ በምንሰጠው ላይ እንለጥፍ ተባለ።

ሰው ሁሉ ወደ "ሌላ" ነጎደ። አንዱ "ውሃ" ብሎ ጻፈበት። አንዷ "ሥራ" አለች። ሌላው ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል "ያለፈውን ዕቅድ ጨርሱ" ብሎ ሸሸ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ኩፍኝ እንደያዘው ሕፃን ቀላ። አምስቱ ምሰሶዎች አንድ ሁለት ነጥብ ይዘው ንጹሕ እንደሆኑ ቀሩ። ለበሩ የቀረበው ብቻ ሰባት አገኘ።

አወያዩ መጡ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ፊታቸው ላይ አንድም ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም፤ ይህ በትምህርት አይገኝም። "በጣም ጥሩ። 'ሌላ' ያላችሁት ሁሉ በአምስቱ ምሰሶዎች ውስጥ ተካትቷል" አሉ። ጠቀለሉትና በላስቲክ አሰሩት። ለቃለ ጉባኤ ያዡም ነገሩት፤ ከፊት ረድፍ ስለነበርኩ ሰማሁ። "ተሳታፊዎች አምስቱንም ምሰሶዎች በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል በል።"

ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። "የዛሬውን ምክክር ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ" ይላል። ስለ መጠየቄ ደግሞ ተጠየቅኩ ማለት ነው። 5 ሰጠሁ። ከ5 በላይ ስለሌለ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ከእኚያ እናት ጋር ደረጃው ላይ ተገናኘን። ቦርሳቸውን እንድይዝላቸው ሰጡኝና መቀነታቸውን ይፈቱ ጀመር።

"እማማ፣ ስቲከርዎን የት ለጠፉት?" አልኳቸው።

"ሁለቱን እዚያው ሕዝቡ የለጠፈበት። አንዷን አስቀረኋት።"

"ለምን?"

"ደግመው መጥራታቸው ይቀራል?"

ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ቀይዋን ስቲከር አስገቡበት። ወረቀቱ ውስጥ ሌላም ነበረች፣ አረንጓዴ።

"ይቺ የባለፈው ናት" አሉኝ። "ሙጫዋ ግን ደርቋል።"